ኔትን በቁንጥር የሚገዛ በኩንታል ይከፍላል



የዛሬው ጽሑፋችን ረዘም ይላል። ግን ስለ ኪሳችሁ ነውና ታግሳችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

የከተማ ወጣት ጫማ ሲገዛ ሦስት አራት ሱቅ ያዳርሳል። ስልክ ሲገዛ ራሙን ይጠይቃል፣ ባትሪውን ይጠይቃል፣ ካሜራውን ከፍቶ ይሞክራል፣ ከዚያም በዋጋው ግማሽ ሰዓት ይከራከራል። ያው ወጣት ጠዋት ተነስቶ የቀን ጥቅል ሲገዛ ግን አንድም ጥያቄ አይጠይቅም። ስንት ሜጋ ነው? የአንዱ ጊጋ ዋጋ ስንት መጣ? ሌላ አማራጭስ ምን አለ? የሚል የለም። ስልኩን ሲገዛ ተከራክሮ ያስቀነሳትን ብር በጥቂት ወራት ውስጥ በዳታ መልሶ ያፈሳታል።

እኛ የምንለው አንድ ነገር ነው። በከተሞቻችን ኢንተርኔትን በውድ ዋጋ የሚገዛው ሀብታሙ አይደለም፤ ድሃው ነው። ሀብታሙ ቤቱ መስመር አስገብቶ በወር አንዴ ይከፍላል። ድሃው በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይገዛል፤ ለእያንዳንዷ ጊጋም ከሀብታሙ በላይ ይከፍላል።

ይህን ለመረዳት ምህንድስና መማር አያስፈልግም። ከመካከላችሁ ስንቱ የነጋዴ ልጅ ነው! ሰፈር ውስጥ ዘይት በሲኒ፣ በርበሬ በቁንጥር እንደሚሸጥ ታውቃላችሁ። በሲኒ የሚገዛው ሰው ዓመቱ ሲያልቅ ጀሪካን ከሚገዛው ጎረቤቱ የበለጠ ከፍሎ ይገኛል። ዘይቱ ግን አንድ ነው። ኔትም እንደዚሁ ነው። የቀን ጥቅል ማለት ዘይት በሲኒ ነው።

*መጀመሪያ ሚዛኑን እንወቅ*

ሻጭ የሚያሳስተን በመጀመሪያ በሚዛኑ ነው። ፍጥነት የሚለካው በሜጋ ቢት በሰከንድ ነው። የምንገዛው መጠን ግን የሚለካው በሜጋ ባይት ወይም በጊጋ ባይት ነው። ሁለቱም በአፍ ሲጠሩ "ሜጋ" ናቸው፤ ግን አንድ አይደሉም። 1 ባይት 8 ቢት ነው። ስለዚህ "8 ሜጋ መስመር" ሲባል በሰከንድ 1 ሜጋ ባይት ያወርዳል ማለት እንጂ 8 ሜጋ ባይት ማለት አይደለም። 100 ሜጋ ባይት የሆነ ፋይል በዚያ መስመር ቢያንስ 100 ሰከንድ ይፈጃል።

ይህን ያወቀ ሰው ሌላም ነገር ያውቃል፤ ፍጥነትና መጠን ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ናቸው። በሞባይል ዳታ የምንገዛው መጠን ነው፤ ፍጥነቱ ማማው በሰጠን ልክ ነው። በቤት መስመር የምንገዛው ፍጥነት ነው፤ መጠኑ እስከ ወሩ መጨረሻ በተጠቀምንበት ልክ ነው። ሁለቱን ሳይለዩ "ይሄኛው ርካሽ ነው፣ ያኛው ውድ ነው" ማለት ኪሎን በሜትር እንደመለካት ነው።

አዲሱን ትውልድ ኔትወርክ እንደ ጌጥ ለሚያዩት ወጣቶች አንድ ስሌት እናቅርብ። በአዲስ አበባ የ5ጂ ሙከራ አገልግሎት የተጀመረው በግንቦት 2014 ነው። ፍጥነቱ ደስ ይላል። ግን በሰከንድ 100 ሜጋ ቢት በሚያወርድ ኔትወርክ ላይ 1 ጊጋ ባይት ጥቅል የያዘ ሰው፣ በሙሉ ፍጥነት ካወረደ ጥቅሉ በ80 ሰከንድ ያልቃል። አንድ ደቂቃ ከ20 ሰከንድ! ትንሽ ጥቅል ለያዘ ሰው ፍጥነት ማለት ገንዘቡ ቶሎ የሚያልቅበት መንገድ ነው። ስለዚህ "የትኛው ይፈጥናል?" ብቻ ብሎ መጠየቅ የድሃ ጥያቄ አይደለም። የድሃው ጥያቄ "በዚህች ብር ስንት ሰዓት እማራለሁ፣ ስንት ቀን እሠራለሁ?" የሚለው ነው።

*አማራጮቹ እነማን ናቸው?*

አንደኛው የሞባይል ዳታ ነው። 2ጂ በሰከንድ ግማሽ ሜጋ ቢት እንኳ አይሞላም፤ ጽሑፍ ለመላክ ይበቃል፣ ቪዲዮ ግን አይታሰብም። 3ጂ እንደየደረጃው በወረቀት ላይ ከ7 እስከ 42 ሜጋ ቢት ይደርሳል። 4ጂ በወረቀት ላይ 150 ሜጋ ቢትና ከዚያም በላይ ይደርሳል። "በወረቀት ላይ" የምንለው በምክንያት ነው። የአንድ ማማ አቅም በዚያ ሰዓት ለተገናኙት ሰዎች ሁሉ ይከፋፈላል። ከዒሻ በኋላ ሰፈሩ በሙሉ ስልኩን ሲከፍት 4ጂ የሚል ምልክት እያያችሁ ኔቱ የሚንቀራፈፈው ለዚህ ነው። ከሱብሒ በኋላ ደግሞ ያው ማማ፣ ያው ስልክ፣ ያው ሲም ካርድ ይፈጥናል። የሞባይል ዳታ ጥቅሙ በየሄድንበት መከተሉና መብራት ሲጠፋም ብዙ ጊዜ መሥራቱ ነው። ጉዳቱ የጊጋው ዋጋና የጊዜ ገደቡ ነው። ቀኑ ሲያልቅ ያልተጠቀምንበት ዳታ አብሮ ያልቃል።

ሁለተኛው በድሮው የስልክ ሽቦ፣ በመዳብ የሚመጣው የቤት መስመር ነው። የዚህ ዓይነቱ ጣሪያ 24 ሜጋ ቢት ገደማ ነው። ግን መዳብ ርቀት አይወድም። ከቴሌ ጣቢያው በራቅን ቁጥር ይደክማል፤ አራት አምስት ኪሎ ሜትር ላይ ሲደርስ ከስሙ በቀር የሚቀረው ትንሽ ነው። በዚያ ላይ ወደ ላይ የሚጭነው ከ1 ሜጋ ቢት ብዙም አያልፍም። ቪዲዮ ለማየት ይበቃ ይሆናል፤ ቪዲዮ ሠርቶ ለሚጭን ወይም በዙም ለሚያስተምር ሰው ግን ፈተና ነው።

ሦስተኛው ፋይበር ነው። በመስታወት ክር ውስጥ ብርሃን ነው የሚሄደው። ከተማ ውስጥ ያለ ርቀት አያደክመውም፤ የጎረቤት ኤሌክትሪክም አይረብሸውም። ለመኖሪያ ቤት በሚዘረጋው የተለመደ ዓይነት አንድ መስመር 2.5 ጊጋ ቢት ተሸክሞ ለ32 ወይም ለ64 ቤት ይከፋፈላል። ስለዚህ ፋይበር የገባለት ሰፈር የሚያገኘው ፍጥነት ብዙውን ጊዜ ለከፈለበት ይቀርባል። ፋይበር በበራችሁ አልፎ እያለ በመዳብ ወይም በቀን ጥቅል የምትኖሩ ካላችሁ፣ ውሃ በበሩ እያለፈ በጀሪካን ውሃ እንደሚገዛ ሰው ናችሁ።

አራተኛው በሲም ካርድ የሚሠራው የቤት ራውተር ነው። ሽቦ አይፈልግም፤ ቤት ስትቀይሩም ይዛችሁት ትሄዳላችሁ። ለተከራይ ጥሩ ነው። ግን የሚጠጣው ከዚያው ከተጨናነቀው ማማ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ራውተሩ በሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ፣ በዚያው ኩባንያ ሲም፣ ማታ ማታ ሞክሩት።

ስለ ሳተላይትም ብዙ ይወራል። የድሮው ዓይነት ሳተላይት 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ ስለሆነ መልእክት ሄዶ መልሱ እስኪመጣ ግማሽ ሰከንድ ያህል ይፈጃል። በጎረቤታችን በኬንያ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ የሚሸጠው ስታርሊንክ 550 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ ይህ መዘግየት አያሳስበውም። ግን ዕቃው ራሱ አስቀድሞ የሚገዛ ነው። በቀን ጥቅል ለሚኖር የከተማ ወጣት የዛሬ መፍትሔ አይደለምና በእሱ ላይ ሰዓት አናጠፋም።

*አሁን ወደ ብሩ*

እዚህ ላይ የታሪፍ ሰንጠረዥ አናስቀምጥም። ታሪፍ ይቀያየራል፤ ይህ ጽሑፍ ግን ሼር እየተደረገ ይቆያል። የማይቀያየረውን ስሌት እንስጣችሁ፤ ዋጋውን እናንተ አስገቡበት።

4 ሜጋ ቢት የሆነ የቤት መስመር በሰከንድ ግማሽ ሜጋ ባይት ያወርዳል። ቀኑን ሙሉ ቢሠራ 43 ጊጋ ባይት፣ በ30 ቀን ደግሞ ወደ 1,300 ጊጋ ባይት ይሆናል። ማንም ሰው ይህን ሁሉ አይጠቀምም፤ እንተኛለን፣ ሥራ እንሄዳለን። ግን ከአሥር አንዱን ብቻ ብንጠቀም እንኳ 130 ጊጋ ባይት ነው።

እንግዲህ ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ። የ4 ሜጋ መስመር ወርኃዊ ዋጋ ጠይቁና ለ130 አካፍሉት። ከዚያ *999# ወይም የምትጠቀሙበትን ኩባንያ መተግበሪያ ከፍታችሁ የቀን ጥቅሉን ዋጋ በያዘው ጊጋ አካፍሉት። ጥቅሉ 200 ሜጋ ከሆነ ዋጋውን በ5 አባዙት፤ የ1 ጊጋው ዋጋ ይመጣላችኋል። የሳምንቱንና የወሩንም እንዲሁ አድርጉ። አራቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ጻፏቸው። ከዚያ በኋላ እኛ መናገር አያስፈልገንም።

ሌላ ስሌት። አንድ ወጣት በቀን 20 ብር ለዳታ ያወጣል እንበል። ትንሽ ትመስላለች፤ አንድ ማኪያቶ እንኳ የማትገዛ ብር ናት። በወር ግን 600 ብር ነው። በዓመት 7,200 ብር። እንዲህ ያሉ አራት ወጣቶች አንድ ቤት ውስጥ ካሉ ከቤቱ በወር 2,400 ብር፣ በዓመት 28,800 ብር ይወጣል። ይህ ቤት "ዋይፋይ የሀብታም ነው" ይላል! ዋይፋይ ከሚከፍለው ሀብታም በላይ እየከፈለ!

ዓለም አቀፍ ሚዛንም አለ። በተባበሩት መንግሥታት ሥር ያለው የብሮድባንድ ኮሚሽን፣ እ.ኤ.አ. እስከ 2025 በታዳጊ አገሮች የመነሻ ኢንተርኔት ዋጋ ከአማካይ የነፍስ ወከፍ ወርኃዊ ገቢ ከ2 በመቶ በታች እንዲሆን ግብ አስቀምጦ ነበር። ያንን ልክ በኪሳችን እንሞክረው። በወር 5,000 ብር የሚያገኝ ወጣት 2 በመቶው 100 ብር ነው። በቀን 20 ብር የሚያወጣ ከሆነ ግን እየከፈለ ያለው 12 በመቶ ነው፤ የልኩን ስድስት እጥፍ።

*"አገራችን ባሕር የላትም"*

የኔት ዋጋ ሲነሳ ቶሎ የምትመጣ መልስ አለች። አገራችን ወደብ የላትም፣ ኔቱ የሚመጣው በባሕር ውስጥ ተዘርግቶ ጂቡቲና ኬንያ በሚደርስ ኬብል ነው፣ ክፍያው በዶላር ነው ይሉናል። እውነት ነው። ብር በገበያ እንዲመራ ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ እንደተወደደ አንክድም።

ግን ይህ መልስ ሁለት ነገር አይመልስም። አንደኛ፣ የቀን ጥቅሉም የወር መስመሩም የሚመጡት በዚያው በባሕሩ ኬብል ነው። ባሕሩ ለሀብታሙ ቀርቦ ለድሃው አልራቀም። ታዲያ በጊጋው ዋጋ ላይ ያለው ልዩነት ከየት መጣ? ማማ መትከልና ማስተዳደር የራሱ ወጪ አለው፤ ይሁን። ግን የቀን ጥቅሉና የወር ጥቅሉ በአንድ ማማ፣ በአንድ ስልክ ላይ ናቸው። በእነሱ መካከል ያለውን ልዩነት የባሕሩ ርቀት አይገልጸውም።

ሁለተኛ፣ በነሐሴ 2010 ኢትዮ ቴሌኮም የሞባይል ኢንተርኔት ዋጋን በ43 በመቶ ቀንሶ ነበር። በዚያ ወር ባሕሩ አልቀረበም፤ ወደብ አልተሰጠንም። ሁለተኛው ኦፕሬተር ሳፋሪኮምም ገና አልመጣም ነበር፤ እሱ በአዲስ አበባ አገልግሎት የጀመረው በመስከረም 2015 ነው። ዋጋው የወረደው ውሳኔ ስለተሰጠ ነው። ስለዚህ ዋጋ የተፈጥሮ ሕግ አይደለም። በውሳኔ የሚወጣና በውሳኔ የሚወርድ ነገር ነው፤ ተጠቃሚው ሲጠይቅ ደግሞ ውሳኔ ሰጪው ይሰማል።

*"እስከ" የምትባለዋ ቃል*

በማስታወቂያ ላይ አንዲት ትንሽ ቃል አለች፤ "እስከ" ትባላለች። "እስከ 100 ሜጋ" ሲባል 3 ሜጋም "እስከ" ውስጥ ይገባል። "ገደብ የለሽ" የሚሉ ጥቅሎችም በየአገሩ አሉ፤ በጥቃቅን ፊደል ሲነበቡ ግን ከተወሰነ መጠን በኋላ ፍጥነቱ ይቆረጣል። ሚዛን ማጉደል ምን ያህል ከባድ ነገር እንደሆነ መድረሳ የገባ ሕፃን ሁሉ ያውቃል። ኪሎው ላይ "እስከ አንድ ኪሎ" ብሎ ጽፎ ሥጋ የሚሸጥልን ባለ ሉካንዳ ቢኖር ዝም እንለው ነበር?

እኛ የምንጠይቀው ቀላል ነገር ነው። ሻጮች "እስከ" የሚለውን ትተው ምሽት ላይ፣ በዚህ ከተማ፣ በአማካይ ስንት ሜጋ እንደሚያደርሱ ይጻፉ። ከእያንዳንዱ ጥቅል ጎን የ1 ጊጋውን ዋጋ ያስቀምጡ። የተከፈለበት ዳታ ቀኑ ስላለፈ ብቻ አይጥፋ። የተጠቃሚን መብት የማስጠበቅ ኃላፊነት የተሰጠው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 ተቋቁሟል። ቅሬታ ያለው ሰው መጀመሪያ ለአገልግሎት ሰጪው በጽሑፍ ያቅርብ፤ መልስ ካጣ ወደ ባለሥልጣኑ ይሂድ። ታክሲ ውስጥ ተቀምጦ ማማረር የትም አይደርስም።

*ከእናንተስ ምን ይጠበቃል?*

ሁሉን በሻጭ ላይ መጣል ግን ፍትሕ አይሆንም። ብዙ ዳታ የሚባክነው በእጃችን ባለው ስልክ ላይ ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። 50 ሰዓት የሚፈጅ አንድ የኪታብ ደርስ አለ እንበል። በ64 ኪሎ ቢት ድምፅ ከወሰዳችሁት በሰዓት 29 ሜጋ ባይት ገደማ ነው፤ ሃምሳው ሰዓት በሙሉ 1.5 ጊጋ እንኳ አይሞላም። ያንኑ ደርስ በሰከንድ 1 ሜጋ ቢት በሚፈስ መካከለኛ ቪዲዮ ካያችሁት በሰዓት 450 ሜጋ ባይት፣ በጠቅላላው 22.5 ጊጋ ይሆናል። በሰከንድ 5 ሜጋ ቢት በሚፈስ ጥራት ባለው ቪዲዮ ካያችሁት ደግሞ 112.5 ጊጋ ነው። ኡስታዙ ያው ነው፤ ኪታቡ ያው ነው። የእንግሊዝኛ ትምህርትም፣ የሒሳብ ትምህርትም እንደዚሁ ነው። ሥዕል ማየት ግድ ያልሆነበትን ትምህርት በድምፅ ውሰዱ። ቪዲዮ ግድ ከሆነ ጥራቱን በእጃችሁ ዝቅ አድርጉ፤ ስልኩ ራሱ እንዲመርጥ አትተዉለት። ቴሌግራም ላይ ፎቶና ቪዲዮ በራሱ እንዳያወርድ ዝጉት። መተግበሪያዎች በዳታ እንዳይታደሱ፣ በዋይፋይ ብቻ እንዲታደሱ አድርጉ። አጫጭር ቪዲዮ እየገፋችሁ የምታሳልፏት ሰዓት ደግሞ ከዳታውም በላይ ዕድሜያችሁን ትበላለች፤ እሱን ለራሳችሁ እንተወው።

ዋናው መፍትሔ ግን መደመር ነው። አንድ ቤት ውስጥ ያላችሁ ወንድማማቾችና እህትማማቾች የየቀኑን ብር በአንድ ላይ አስቀምጡና መስመር አስገቡ። አባታችሁ "ዋይፋይ ልጆቹን ያበላሻል" ካሉ የአራታችሁን የወር ወጪ በወረቀት ጽፋችሁ አሳዩአቸው። ራውተሩ ሳሎን ይቀመጥ፤ ማታ በስንት ሰዓት እንደሚጠፋም እሳቸው ይወስኑ። የቤት ወጪ ሲቀንስ የሚጠላ አባት የለም። በአንድ ግቢ የምትከራዩ ከሆነ ከአከራያችሁ ጋር ተነጋገሩ፤ ውሉንም አንብቡ። መስመርን ለጎረቤት መልሶ መሸጥ ፈቃድ የሚጠይቅ ንግድ ነው፤ ወደዚያ አትግቡ። የሰፈሩ የወጣቶች ጀመዓ ለጥናት ክፍሉ አንድ ፋይበር ቢያስገባ ደግሞ ስንት ተማሪ የስኮላርሺፕ ፎርም በእርጋታ ይሞላ ነበር! ስንት ልጅ ኮዲንግ ይማር ነበር! እህቶቻችን ቤት ተቀምጠው ስንት ሥራ ይሠሩ ነበር!

የቤት መስመር ለሁሉም ሰው ይሻላል እያልን አይደለም። በየሦስት ወሩ ቤት ለሚቀይር፣ ቀኑን ሙሉ መንገድ ላይ ለሚውል፣ መልእክት ከመላክ ሌላ ለማይጠቀም ሰው ሞባይል ዳታ ይበቃዋል። እሱም ቢሆን የሳምንቱንና የወሩን ጥቅል ከቀኑ ጋር አስልቶ ይግዛ። "የወሩን አንዴ የምከፍለው ብር የለኝም" የሚል ወንድም እውነቱን ነው፤ ድሃ በቁንጥር የሚገዛው ወዶ አይደለም። ለዚህ ነው መደመር ያስፈልጋል የምንለው። እቁብ የጣለ ማኅበረሰብ ለአንድ ወር መስመር ብር ማሰባሰብ አያቅተውም። መብራት ሲጠፋ ራውተሩ አብሮ ይጠፋል የሚልም አለ፤ ልክ ነው። ለዚያች ሰዓት ትንሽ ጥቅል በስልካችሁ ይኑራችሁ፤ ወሩን ሙሉ ግን በእሷ አትኑሩ።

መስመር ከገባላችሁ በኋላም አትተኙ። ለአንድ ሳምንት ከሱብሒ በኋላ፣ ከዙህር በኋላና ከዒሻ በኋላ ፍጥነቱን ለኩ፤ ቀኑንና ሰዓቱን ጨምራችሁ ጻፉ። የሚያወርደውን ብቻ ሳይሆን የሚጭነውንም እዩ። ራውተሩ አጠገብ ሆናችሁ ለኩ፤ ሦስት ግድግዳ ተሻግሮ የደከመ ዋይፋይ የሻጩ ጥፋት አይደለም። በሞባይል ዳታ ላይ ግን ደጋግማችሁ አትለኩ፤ ፈጣን ኔትወርክ ላይ አንድ ልኬት ብቻውን ከመቶ ሜጋ ባይት በላይ ሊበላ ይችላል። ከዚያ የሰባት ቀን ወረቀታችሁን ይዛችሁ ወደ ቢሮው ሂዱ። "ኔት አይሠራም" የሚልን ሰው ማንም በቀላሉ ይሸኘዋል። "የከፈልኩት ለ10 ሜጋ ነው፤ ሰባቱንም ምሽት ያገኘሁት ይህን ያህል ነው" ብሎ ወረቀት የሚዘረጋን ሰው ግን መሸኘት ይከብዳል።

ዛሬ ማታ የቤታችሁን የዳታ ወጪ ደምሩ። ነገ የመስመሩን ዋጋ ጠይቁ። ይህንንም ጽሑፍ በየቀኑ ካርድ ለሚሞላው ወንድማችሁና እህታችሁ አድርሱት።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።